እንዴት አደርኩ?

ከየሻረግ ደምሴ ቀድሞ የነቃው ግራ ብሽሽቷ ነበር። ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም። ሕመሙ ከሥጋና ከጅማት በታች፣ አጥንቱ ራሱ በተተከለበት ጥልቀት ላይ ተቀምጦ፣ ቀስ እያለ እንደሚቦረቡር ምስጥ ሥራውን ይሠራል። ዐይኗን ሳትገልጥ መዘነችው። ማታ ስትተኛ አምስት ነበር። አሁን ሰባት ሆኗል። እግሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በጀርባዋ እንደ ተኛች፣ ሰባት።

ሕመሙ የእርሷ አልነበረም። ባለቤቱ ከሁለት ሕንጻ ወዲያ፣ በአትሌቶች ማደሪያ ውስጥ በሰላም የተኛችው የዐሥር ሺህ ሜትር ሯጭ ዲንቄ ሁንዴ ነበረች። በየሻረግ ጭን ላይ የታሰረው ግራጫ ጨርቅ፣ ተማሪዎች «መጋሪያ» የሚሉት፣ በዲንቄ ጭን ላይ ካለው አቻው ሕመሙን ሌት ተቀን ይቀበላል። ዲንቄ ከሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ወዲህ በግራ እግሯ ምንም ነገር ተሰምቷት አያውቅም።

በዩኒቨርሲቲው የስፖርት ጉዳት ማገገሚያ ትምህርት ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ የአንድ አትሌት ሕመም ይሸከማል። ደንቡ ሲወጣ ዓላማው የተቀደሰ ነበር፤ ሕመሙን ያልቀመሰ ሐኪም በሽተኛውን አያውቅም ተብሎ ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን «ያልታመመ አትሌት መሮጥ ይችላል» የሚለው ሐሳብ ከኋላ መጥቶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። መጋሪያው ሕመምን ያጓጉዛል እንጂ መመዘን አይችልም። ስለዚህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተሸካሚውን «ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የነገው የልምምድ ጫናም በዚያ ቁጥር ይወሰናል። ቁጥሩ ከሦስት ካላለፈ ጫናው ይጨመራል። ከስድስት ካለፈ አትሌቱ የአጥንት ምስል ይነሣል።

ከመቶው አርባው ማርክ ግን የተያዘው ለጽናት ነበር። ከፍ ያለ ቁጥር የሚያበዛ ተማሪ «ደካማ ተሸካሚ» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህም በማደሪያው መተላለፊያ ጫፍ ላይ የቆመው ትልቅ መስተዋት ጠዋት ጠዋት ወረፋ ነበረው። ተማሪዎች ተራ በተራ ወደ እርሱ እየተራመዱ ሳያነክሱ መሄድን ይለማመዳሉ። የሻረግም በዚያን ዕለት፣ በረቡዕ ግንቦት ሃያ ዘጠኝ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ በሦስተኛው ቀጥ አለች።

በምግብ አዳራሹ የጉልበት ገበታ፣ የቁርጭምጭሚት ገበታ፣ የወገብና የዳሌ ገበታ እየተባለ መቀመጫው በጉዳት ዓይነት የተለየ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ቢራራ የአንድ ጦር ወርዋሪ ወገብ ተሸክሞ፣ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ሲቀመጥ አየችው።

«እመቤትሽ እንዴት አደረች?» አላት።

«ደህና፤ ይመስገን።»

«የእኔው ጌታ ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው። ፍቅር ሳይዘው አይቀርም። እርሱ ያፈቅራል፣ የእኔ ወገብ ይቆረጣል፤ ፍርድ ነው ይሄ?»

«ስንት ልትል ነው?»

«ሦስት። አንቺማ እንደ ልማድሽ ሁለት ነሽ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ አንቺ ሕመም ስትቆርሺ ለድመት እንደሚጣል ፍርፋሪ ነው።» ከዚያ ሳቁን አቋርጦ ፊቷን አየ። «ላብሽ በጠዋት ምንድን ነው?»

«ሻዩ ሞቆ ነው» አለችው። ከፊቷ ያለው ብርጭቆ ባዶ ነበር። ቢራራም አላየሁም እንደሚል ሰው ዳቦውን መቁረስ ጀመረ።

በመሙ በር ላይ ዲንቄ ጫማዋን እያሰረች ጠበቀቻት። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈገግታዋ የማይደክም። አትሌቶች ጠዋት ከተሸካሚያቸው ጋር ሲገናኙ ሰላምታው እንደ ሌላው ዓለም አይደለም፤ ሌሊቱን ያሳለፈላቸው ሌላ ሰው ነውና ስለ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

«እንዴት አደርኩ፣ የሻርዬ?»

«ደህና አደርሽ።»

«አውቄዋለሁ! በሕልሜ ስበር ነበር። ዛሬ ዐሥራ ሁለት ዙር ፈጣን ነው የታዘዘልኝ። እሑድ ማጣሪያውን ካለፍኩ፣ ኋላ ቤቴ መጥተሽ አንድ ሳምንት ሙሉ ትተኛለሽ። እኔ እሸከምሻለሁ።»

ተሸካሚዎች በመሙ ዳር በተሠራ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ዲንቄ ስትሮጥ የሻረግ ትቀበላለች፤ የግራ እግር በነካ ቁጥር አንድ፣ የግራ እግር በነካ ቁጥር አንድ። በሰባተኛው ዙር አንድ አዲስ ነገር መጣ፤ እንደ ቀጭን ሚስማር ከብሽሽቷ ገብቶ በጭኗ ውስጠኛ ገጽ እስከ ጉልበቷ ወረደ። የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች። ዲንቄ ከሩቅ እጇን አውለበለበችላት።

ይህን ሕመም የሻረግ ታውቀዋለች። በሦስተኛ ዓመት የተማረችውና በፈተና ሙሉ ማርክ ያገኘችበት ነው። በብሽሽት ጥልቀት የሚሰማ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ በአንድ እግር ሲቆሙ የሚብስ ሕመም ጡንቻ አይደለም። የጭን አጥንት አንገት እየተሰነጠቀ ነው። በጊዜ ከተገኘ በዕረፍት ይድናል። በሩጫ ላይ ከተሰበረ ግን አጥንቱ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ባለቤቱም ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ይሄዳል። ዲንቄ ወደ ማገገሚያው የመጣችው በቀላል የጡንቻ መሳሳብ ነበር። ጫናው የተጨመረው በየሻረግ ቁጥር ነው። ስንጥቁን የፈጠረው የሻረግ ቁጥር ነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። መጋሪያው በለዘበ የሴት ድምፅ ጠየቀ።

«ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው?»

«ሁለት» አለች።

አስባ አልነበረም፤ አፏ ቀደማት። ከተናገረችው በኋላ ነበር ሐሳቧ የደረሰው።

የሻረግ የተወለደችው «እንዴት ነሽ?» ለሚል ሰው «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ በማይታወቅበት ቤት ነው። እናቷ በጉበት ሕመም ሆስፒታል ተኝታ፣ ሐኪሙ በጠየቃት ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ስትል ሐሙስ ዋለች፤ ቅዳሜ ተቀበረች። ለቀስተኛው ሁሉ «አንድ ቀን እንኳ ሳታማርር!» እያለ አመሰገናት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ማንም በዚያ ለቅሶ ላይ አላነሣም። የሻረግም ያን ምስጋና ሰምታ አደገች። የሌላ ሰው ሕመም በአደራ በተሰጣት ጊዜም ያንኑ የቤቷን ጨዋነት አለበሰችው። የራሱን ሕመም የሚደብቅ ሰው ቢበደል ራሱ ይበደላል፤ የሰውን ሕመም የሚደብቅ ግን ሌባ ነው። ይህን ልዩነት በአራት ዓመት ትምህርት ውስጥ ያስተማራት መምህር አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት የመመረቂያ አማካሪዋን ዶክተር አብተውን ቢሯቸው ድረስ ሄዳ አገኘቻቸው። ዶክተሩ ከመጀመሪያዎቹ ተሸካሚዎች አንዱ ነበሩ።

«ተቀመጪ።»

«ብቆም ይሻለኛል፣ ዶክተር። ሕመሙ አያስቀምጠኝም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በወረቀቱ ላይ አኖሩ። «አሁን የተናገርሽውን አልሰማሁም።»

«የዲንቄ የጭን አጥንት አንገት እየተሰነጠቀ ነው። ቁጥሬ ሐሰት ነበር። ምስል ይነሣላት እንጂ ሌላ አልጠይቅዎትም።»

«ቁጥሩ ከስድስት ካላለፈ ምስል አይነሣም።»

«ዛሬ ስምንት ብዬ ብናገርስ?»

«ማጣሪያው ሦስት ቀን ሲቀረው? ከሁለት ተነሥተሽ ስምንት?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «በመጨረሻው ሳምንት ድንገት የዘለለ ቁጥር አይመዘገብም። ተቀናቃኝ አግባብቷታል ይባላል። መጋሪያሽን ፈትተው ለሌላ ተማሪ ያስራሉ። እርሱም ሁለት ይላል። ሁለት የማይል ማን አለ?»

«ቢራራ ሦስት ይላል» አለች ሳታስበው።

ዶክተሩ ሊስቁ ቃጥቷቸው ተዉት። «ስሚኝ፣ ልጄ። ዘጠና አራት አለሽ። በጽናት ከክፍሉ አንደኛ ነሽ። እዚህ ቤት እውነተኛ ቁጥር ተናግሮ የተመረቀ ሰው አላውቅም፤ እኔም ጭምር።»

«የእርስዎ አትሌት ምን ሆነ?»

ከደጅ የአሰልጣኞች ፊሽካ ይሰማል።

«አስተማሪ ሆነ» አሉ በመጨረሻ። «የሒሳብ አስተማሪ። ደህና ሰው ነው። ደረጃ መውጣት ግን አይችልም።»

«ሌላ መንገድ የለም ወይ?»

«አንድ አለ፤ ታውቂዋለሽ።»

«የቃል እርማት።»

«ስሙን ባትጠሪው ደስ ይለኝ ነበር።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «የውድድሩ ጠዋት ብቻ በሚቀመጥ መዝጋቢ ፊት ቀርበሽ ያለፉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ታርሚያለሽ። ያን ጊዜ ምስሉ ግዴታ ይሆናል። አንቺም በዚያው ሰዓት ከዩኒቨርሲቲው ትሰናበቻለሽ፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን በየትም አገር አትቀጠሪም። እኔ ዛሬ አላየሁሽም። በሩን ቀስ ብለሽ ዝጊው፤ ይጮኻል።»

ዐርብን በአልጋዋ ላይ ዋለች። በስድስት ሰዓት መጋሪያው ጠየቀ፤ «ሁለት» አለች። ይህኛውን ግን አስባ ነው የተናገረችው፤ ቁጥሯ ከዘለለ ዲንቄን ከእጇ ይነጥቋታልና። ውሸት አንድ ጊዜ ከነገሠ እውነት የሚናገረውም ሰው በእርሱ ደጅ ሳያልፍ አይወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲንቄን በመሙ ጀርባ ባለው የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። የምስጢሩ ባለቤት ከመዝጋቢው ቀድማ መስማት አለባት ብላ ነበር። ዲንቄ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ተነሥታ በግራ እግሯ ብቻ ቆመች። ዘለለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። የሻረግ በእያንዳንዱ ዝላይ ሣሩን በጡጫዋ እየነጨች ወደ ፊት ተደፋች።

«አቁሚ! ስለ አምላክ ብለሽ!»

«ምንም የለም» አለች ዲንቄ። ፊቷ ግን ተለውጦ ነበር። «ምንም አይሰማኝም እኮ።»

«ለአንቺ ነው የማይሰማሽ።»

ዲንቄ ተመልሳ ተቀመጠች። «ነገ አንዴ ብቻ ሁለት በዪልኝ።»

«አልችልም።»

«አርባ ቀን ችለሽው የለ? ሃያ አምስት ዙር ነው፤ ግማሽ ሰዓት። አባቴ ነገ ሊያየኝ ሁለት ቀን መኪና ተሳፍሮ መጥቷል።»

«ዲንቄ፣ ከተሰበረ መሮጥ ቀርቶ—»

«አርባ ቀን ሁለት ስትዪ እኔን አማክረሽኛል?» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ለማርክሽ ብለሽ ዋሸሽ፤ እኔ አላውቅም ነበር። አሁን ደግሞ ለነፍስሽ ብለሽ እውነት ልትናገሪ ነው፤ ያኔም አልጠየቅሽኝም፣ አሁንም እየጠየቅሽኝ አይደለም። መቼ ነው ይህ እግር የእኔ የሚሆነው?»

ዲንቄ ልብሷ ላይ የወደቀውን ቅጠል አራግፋ ተነሣች፤ ሳትሰናበታትም ወደ ማደሪያዋ ሄደች። አረማመዷ ቀጥ ያለና ያማረ ነበር። የሻረግ ከዛፉ ሥር ተደግፋ ለመነሣት ረጅም ጊዜ ፈጀባት።

እሑድ ሰኔ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከስታዲየሙ ሥር ባለችው የቃል ክፍል ውስጥ አትሌቶችና ተሸካሚዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ። መዝጋቢዋ ወይዘሮ ትብለጥ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ለሁሉም ያንኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚደጋግሙ ሴት ነበሩ፤ ስማችሁን ተናገሩ፤ የዛሬ ቁጥራችሁን ተናገሩ፤ መልካም ዕድል። ከእነዲንቄ ፊት የነበሩት ጥንዶች «አንድ» ብለው አለፉ። አንድ ያለው ተሸካሚ ከበሩ ሲወጣ ግድግዳውን ይዞ ነበር።

ከጣሪያው በላይ ሕዝቡ ይጮኻል። ዲንቄ የመሮጫ ቁጥሯን በደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ወደ የሻረግ ሳትመለከት ከአጠገቧ ቆመች።

«ስማችሁን ተናገሩ።»

«ዲንቄ ሁንዴ፤ ሯጭ።»

«የሻረግ ደምሴ፤ ተሸካሚ።»

«የዛሬ ቁጥራችሁን ተናገሩ።»

ዲንቄ ያን ጊዜ ዞር አለች፤ ዐይኖቿ እንደ ልጅ ዐይን ይለምኑ ነበር።

«የቃል እርማት እጠይቃለሁ።»

ወይዘሮ ትብለጥ እስክሪብቷቸውን አኖሩ። «ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ልጄ?»

«አውቃለሁ።»

«ቁርስ በልተሻል? ታመሽ አይደለም? ተቆጥተሽ?»

«አይደለም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ።» ከመሳቢያው ሥር ወረቀት ፈልገው ለማግኘት ጊዜ ወሰደባቸው። በበሩ የሚጠብቁትን «ወደ ሌላኛው ክፍል ሂዱ» አሏቸው። ከዚያ ማንበብ ጀመሩ።

«ሚያዝያ ሃያ ሦስት። ሁለት ብለሻል።»

«ሁለት ነበር።»

«ሃያ አራት። ሁለት።»

«ሁለት ነበር።»

እስከ ግንቦት ሁለት ቀን ድረስ ቁጥሩ ሁሉ እውነት ነበር። ዲንቄ በትንፋሿ አብራ የምትቆጥር ትመስላለች።

«ግንቦት ሦስት።»

«አራት።»

እስክሪብቶው ቆመ፤ ጻፈ።

«ግንቦት ዐሥራ አንድ።»

«አምስት። ዳገት የወጣችበት ቀን ነው።»

«ያን ቀን ስዘፍን ነበር» አለች ዲንቄ ለማንም ሳይሆን።

«ግንቦት ሃያ።»

«ስድስት። ሌሊት መተኛት አልቻልኩም።»

«ልደቴ ነበር፤ ስጨፍር አመሸሁ» አለች ዲንቄ። አሁን ድምጿ ተሰብሮ ነበር። አንድ ሰው ስለ ራሱ ሕይወት ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ይመስል፣ እያንዳንዱ ቀን ሲነበብ ያን ቀን ያደረገችውን ታስታውሳለች፤ የት እንደ ሮጠች፣ ማን እንዳመሰገናት፣ ምን እንደ ሳቀች። ከዚያ ቁጥሩ ይመጣል።

«ግንቦት ሃያ ዘጠኝ።»

«ስምንት።»

«ዛሬስ?»

«ዘጠኝ።»

ወይዘሮ ትብለጥ ማኅተሙን አነሡ፤ ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ አይተው መቱት።

ምስሉ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ነጥቶ ነበር። ስንጥቁ የአጥንቱን አንገት ከግማሽ በላይ አልፎታል። «ሩጫው ቀርቶ» አለ፣ «ወደ ምስሉ ክፍል በእግሯ መሄዷ ራሱ ያስደነግጣል። ከዚህ ጠረጴዛ እንዳትወርድ። ቃሬዛ አስመጣለሁ።» ብሎ ወጣ። ከላይ የመነሻው ተኩስ ተሰማ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ዲንቄ በጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ትመለከት ነበር፤ ከደረቷ ላይ ቁጥሯን ማንም አልነቀለላትም።

«ደንቡ ነው፣ ልጄ» አሉ አብረዋቸው የመጡት ወይዘሮ ትብለጥ በዝግታ። «ተሸካሚነትሽ ስለ ተሻረ መጋሪያው እዚሁ ይፈታል። ሕመሙ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።»

«ማስታገሻ ይስጧት አስቀድመው!»

«ማስታገሻ እዚህ የለም። ማን ይፈልገዋል ብለን እናስቀምጥ?»

የሻረግ ጨርቁን ራሷ ፈታችው። ለአርባ አንድ ቀን የተሸከመችው ነገር ውኃ ከተደፋ እንስራ እንደሚወጣ በአንድ ትንፋሽ ወጣ፤ እግሯ ቀለላት።

ከዚያ ዲንቄ ጮኸች።

በዚያ ሕንጻ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። በመተላለፊያው የሚያልፉ ተሸካሚዎች ባሉበት ቆሙ፤ አንዱ ጆሮውን ያዘ። ወይዘሮ ትብለጥ ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዴት እንደሚያደርጉት ግን አላወቁም። ዲንቄ የምትይዘው አጥታ በጠረጴዛው ላይ ተንፈራገጠች፤ በተንፈራገጠች ቁጥር እግሩ ወደ ውጭ ሊዞር ይከጅላል። ቢዞር ያበቃለታል።

የሻረግ ቀረበች። በአራት ዓመት ትምህርቷ ቁጥር ተናግራለች፣ ሠንጠረዥ ሞልታለች፣ ሕመም ተሸክማለች፤ የበሽተኛ አካል በእጇ ነክታ ግን አታውቅም። አንዱን መዳፏን ከዲንቄ ጉልበት ሥር አስገባች፤ በሌላው ተረከዟን ያዘች። እግሩን በጣም ትንሽ አጠፈችው፣ ጣቶቹ ወደ ላይ እንዲያዩ አቅንታ በክንዷና በደረቷ መካከል ደገፈችው።

ጩኸቱ ቀስ እያለ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶውም ወደ ማቃሰት ወረደ።

«ጠልቼሻለሁ» አለች ዲንቄ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«እሺ።»

«ያማል።»

«አዎ።»

«አታንቀሳቅሺው።»

«አላንቀሳቅሰውም።»

በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ቆመው ነበር። ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «የተማሪነት መታወቂያሽን እንድቀበል ታዝዤ ነው፣ እመቤት፤ ወደ ውጭም እንድሸኝሽ» አሉ።

የሻረግ ቀና አላለችም። ከመዳፏ በታች የዲንቄ ጡንቻ እየላላ መሆኑ ይሰማታል።

«ይቆዩኝ፣ አባባ» አለቻቸው። «እጄ ተይዟል።»